«120 ነበርን፣ 28 ቀረን» ላልከኝ የኮምቦልቻ ወንድሜ

ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀድም።

«እኅታችን፣ እንደምን ሰነበትሽ? በኮምቦልቻ በአንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ነኝ። 29 ዓመቴ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በሽፍት እሠራለሁ። ከጦርነቱ በፊት መዝገባችን ላይ 120 አባላት ነበሩ። አሁን ጉባኤ የምንገኘው 28 ነን። መርሐ ግብር የማወጣው እኔ ነኝ። መምህር የምለምነው እኔ፣ ከበሮ የማስጠግነው እኔ ነኝ። የአዳራሹ ቁልፍም እኔ ጋ ነው። ባለፈው ወር ሽፍቴ ተቀየረና አንድ ሰዓት ሙሉ አረፈድኩ። ስደርስ ሕፃናቱ በር ላይ ተቀምጠዋል። ግማሾቹ ሄደዋል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

»የሌላ ደብር ልጆች በቲክቶክ በሺህ የሚቆጠር ተከታይ አላቸው። እኛን አባቶች ‹መዝሙራችሁ ዘመናዊ ነው› ይሉናል። መዝሙር ክፍል የሚገባውን በድምፅ እየፈተንን ነው የምንቀበለው፤ ግን ጥራቱም አልመጣም፣ ሰውም አልበዛም። አሁን ደግሞ አዳራሹን ለማስፋት ስንነሳ የደብሩ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሙስሊም አባት ‹20 ኩንታል ሲሚንቶ እኔ እሰጣለሁ› አሉን። ከእኛ ውስጥ ‹አንቀበልም› ያሉ አሉ። በዚህም ተከፋፈልን። ደከመኝ። ልልቀቀው ወይ?»

ወንድሜ፣ ታናሼ ነህና «አንተ» ልበልህ። በመጀመሪያ አብሽር። አንተ አብዝተህ የጻፍከው ስለ ቁጥሩ ነው። እኔ ግን ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ያ የተቆለፈ በር ነው። ስለዚህ ከቁልፉ ልነሳ።

ቁልፉ አንድ ነው፤ ያለውም አንተ ኪስ ውስጥ ነው። ሽፍትህ ሲቀየር የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰዓት ይቀየራል። አንተ ስትታመም ይዘጋል። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። ቁልፉን የሚቀበልህ ጠፍቶ እንደያዝከው አውቃለሁ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ምን እንዳለፈ ለወሎ ሰው አይነገረውም። ሰው ሁሉ የተዘረፈ ቤቱን ሲያነሳ፣ አንተ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጠረግህ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሁሉንም መሸከሙ ግድ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን ያ የአደጋ ጊዜ አሠራር ነበር። አደጋው አለፈ፣ አሠራሩ ግን እንዳለ ቀረ።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስን ታገኛለህ። ሳትሳለመው አትቀርም። እስጢፋኖስ ማን ነበር? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አውጣና አንብብ። ሐዋርያት ማስተማሩንም ማዕድ ማካፈሉንም ለብቻቸው ይዘውት ነበር። ሥራው በዛ። በዕለቱ አገልግሎት የተረሱ መበለቶች ነበሩና ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ታዲያ የበለጠ ሮጠው ሁሉንም ለመድረስ አልሞከሩም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ፣ እጃቸውን ጫኑባቸው፣ ሥራውን አካፈሏቸው። ከሰባቱ የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር 7ን እይ። ቃሉ እየሰፋ ሄደ፣ የደቀ መዛሙርቱም ቁጥር በዛ ይላል። አንተ የምትፈልገው ብዛት የተጻፈው ሥራው ከተከፋፈለ በኋላ ነው።

በዚያው በሐይቅ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ነበሩ። ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው እግር ሥር ዓመታት ተምረዋል። በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ገዳም መሠረቱ። ኢየሱስ ሞዓ ግን እዚያው ሐይቁ ዳር ነበሩ። ሸዋ ድረስ የሄደው ያስተማሩት ሰው ነው። አንተስ ከሄድክ በኋላ የሚያስተምር ስንት ሰው እያዘጋጀህ ነው? ከ28ቱ ውስጥ ሁለት ካሉህ፣ እመነኝ፣ ብዙ አለህ።

እንዴት ይጀመር? «አዲስ ሥራ አስፈጻሚ እንምረጥ» ብለህ እንዳትጀምር። ለ28 ሰው ዘጠኝ ክፍል አቋቁሞ ለሁሉም ሰብሳቢና ጸሐፊ መመደብ ወረቀት መሙላት ነው። ይልቅ ነገ ወደ ቁልፍ ቀራጭ ሂድ። ሁለት ቅጂ አስቀርጽ። አንዱን ሳይቀር ለሚመጣ አንድ ልጅ ስጠው። «በደንብ የሚናገረው» ወይም «ድምፁ የሚያምረው» አላልኩም። ሳይቀር የሚመጣው ነው ያልኩህ። ሌላውን ለደብሩ ጥበቃ አስቀምጥ። ቀጥሎ የሕፃናቱን ክፍል ሙሉ በሙሉ ለሁለት እኅቶች ስጥ። ሁለት ያልኩህ አንዷ ስትቀር በሩ እንዳይዘጋ ነው። የሚያስተምሩትን አብረሃቸው አንድ ጊዜ አዘጋጅ። ሁለተኛውን ከኋላ ተቀምጠህ ስማ። በሦስተኛው አትምጣ፤ ሽፍት ባይኖርህም አትምጣ።

ይሳሳታሉ። ሰዓት ያሳልፋሉ፣ ከበሮው ይስታል፣ አንዷ ታፍርና ትምህርቱን በዐሥር ደቂቃ ትጨርሰዋለች። በሰው ፊት ተነስተህ አታርማቸው። ይህ ነገር ብዙ አገልጋይ አሽሽቷል። በሳምንቱ ለብቻ አግኝተህ መጀመሪያ ደህና የሠሩትን ንገራቸው፤ ስሕተቱን ከዚያ አንሳው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የራሴን ታሪክ ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደሴ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። መዝገቡ በእኔ እጅ ነበር። ሦስት ሳምንት በተከታታይ የቀረ አባል ስሙ ይሰረዛል የሚል ውሳኔ ነበረን። እኔም በቀይ እስክርቢቶ፣ በማስመሪያ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰምርበት ነበር። መዝገቡ ንጹሕ በመሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰኞ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ከአንዷ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። በመዝሙር ክፍል ሁለት ዓመት ከጎኔ የቆመች ልጅ ናት። ስሟን ከሰረዝኩ አራት ወር ሆኖኛል።

«ጠፋሽ እኮ» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገች። «እማዬ ታማብኝ ነበር።»

«አሁን ተሻላት?»

«አረፈች። አርባዋን ካወጣን ሁለት ሳምንት ሆነን።»

ሽንኩርቱን የያዝኩበት ፌስታል ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የልጅቷ እናት ታመው፣ ሞተው፣ ተቀብረው፣ አርባቸው ወጥቶ እኔ ለቅሶ አልደረስኩም። ቤታቸው ከእኛ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ስሟ ግን በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ተቀምጧል። በማግሥቱ ሄድኩ። ቡና አፈላች። ብዙም አላወራንም። እሷ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አልተመለሰችም። እኔም አልለመንኳትም፤ ምን ፊት አለኝ? ታናሽ እኅቷ ግን በዓመቱ መጥታ ተመዘገበች።

ስለዚህ ያ 120 ስም ያለበት መዝገብ ካለ አውጣው። ሁለት ልጆች ይዘህ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥ። ከጠፉት 92 ሰዎች አጠገብ አንድ አንድ ቃል ጻፉ። ዓረብ ሀገር። አዲስ አበባ። ዩኒቨርሲቲ። አገባች። ሽፍት። ተቀይሟል። አናውቅም። «አናውቅም» የሚለው ቃል ብዙ ቦታ ላይ ሲወጣ እንዳትደነግጥ። የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱ ነው። በሳምንት አምስት ሰው ብቻ ፈልጉ። ስትደውሉ «ለምን ቀረህ?» አትበሉ። «እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?» በሉና ዝም ብላችሁ ስሙ። ታሞ ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለቅሶ ካለ ድረሱ። የወለደች ካለች ገንፎ ብሉላት። ይህን ስታደርጉ ቆይታችሁ ከአምስቱ አንድ እንኳ ባይመለስ ሥራው ከንቱ አይደለም፤ አገልግሎት ማለት እሱም ነውና።

ዓረብ ሀገር ያሉትን እኅቶች ለይቼ ላንሳቸው። ከወሎ ስንት ልጅ እንደሄደች ታውቃለህ። በሰው ቤት፣ በሰው ሀገር፣ እሑድን የማታውቅ አለች። ለእነሱ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ የምትለቁት የአምስት ደቂቃ ድምፅ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ነገር አደራ፦ ስልክ የምንደውልላቸው ለአዳራሽ መዋጮ ብቻ መሆን የለበትም። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ለሌላ ነገር ሳትደውሉላቸው ገንዘብ አትጠይቋቸው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ ብዙ ከተማ ውስጥ የሌለ ዕድል አላችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመርቋል። የቆየው ጨርቃ ጨርቅም፣ ሌሎቹ ፋብሪካዎችም አሉ። ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች ኪራዩን ለመጋራት ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ክፍል ይኖራሉ። ብዙዎቹ በገጠራቸው የአጥቢያቸው ልጆች ነበሩ። ከተማ ሲመጡ የየትኛው ደብር ልጅ እንደሆኑ አያውቁም፤ ደብሩም አያውቃቸውም። የእናንተ ጉባኤ እሑድ ስምንት ሰዓት ነው ብለሃል። የከሰዓት ሽፍት ያለባት ልጅ እንዴት ትምጣ? አንተ ራስህ የሽፍት ሠራተኛ ሆነህ እያረፈድክ፣ እነሱ ለምን ቀሩ ብለን እንጠይቃለን? መጀመሪያ አንድ አምስት የፋብሪካ ልጆች ሰብስብና «መቼ ትችላላችሁ?» በላቸው። ምናልባት ረቡዕ ማለዳ ይሉሃል። ምናልባት «እኛ ከምንመጣ እናንተ ኑ» ይሉሃል። አንድ ኪራይ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጀበና ቡና ዙሪያ ለስድስት ሰው የሚነበብ ወንጌል የሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ አይደለም ያለህ ማነው? ለደብሩ አስተዳዳሪ አሳውቁ፣ ፈቃድ ተቀበሉ፣ ጀምሩ።

ጥር ላይ ምንጣፍ ለማንጠፍ የሚመጡት ወጣቶችስ? ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይጠፋሉ። በዚያው ሳምንት ስማቸውንና ስልካቸውን የሚይዝ ሰው መድቡ። ሌላ ብልሃት የለውም።

የድምፅ ፈተናው ግን አልተዋጠልኝም። ለበዓል ዝማሬ ድምፅ መምረጥ ክፋት የለውም። ችግሩ የወደቀው ልጅ ወዴት እንደሚሄድ መንገድ አለማሳየታችሁ ነው። ፈትናችሁ «አልቻልክም» ስትሉት ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። የኛው ወሎ ያፈራቸውን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን አስብ። ሐይቅ ለትምህርት ሲገቡ ትምህርቱ አልገባቸው ብሎ ዓመታት እንደተቸገሩ፣ መምህራቸውም ወደ አባታቸው እንደመለሷቸው፣ አባታቸው ግን «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብለው መልሰው እንደላኳቸው አባቶቻችን ይተርካሉ። ከተመለሱ በኋላ ገዳሙ አላባረራቸውም። ለተማሪዎች እህል የመፍጨቱን ሥራ ያዙ። ወፍጮው ላይ ሆነው ወደ እመቤታችን እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ዛሬ በየደብሩ ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእሳቸው ድርሰት ነው። ያ ወፍጮ ባይኖር ያ ልጅ ሐይቅ ውስጥ ምን ይዞ ይቆይ ነበር? ድምፁ ላልሆነለት ልጅ ወፍጮ ፈልጉለት። መብራትና ድምፅ ማጉያ ይያዝ። የታመሙትን ይጠይቅ። መጻሕፍቱን ይመዝግብ። ጸናጽል ይማር። ቤቱ የእሱ እንደሆነ የሚያውቅበት ሥራ ይኑረው።

አባቶች «ዘመናዊ ነው» ማለታቸው እንዳስቀየመህ ገብቶኛል። ግን ልጠይቅህ፤ አዲስ መዝሙር ከማጥናታችሁ በፊት ግጥሙን ለማን አሳያችሁ? ከተቃወሙ በኋላ ለማስረዳት መሄድና ከማጥናታችሁ በፊት ለመጠየቅ መሄድ አንድ አይደለም። ከመሪጌታው ጋር ቁጭ በሉ። ከሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስልቶች የትኛው ነው፤ ግእዝ ነው፣ ዕዝል ነው ወይስ አራራይ? ይንገሯችሁ። በቅኔ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራው ዋድላ ያለው እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ ቅርባችን ናቸው። «አባታችን፣ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያስተምሩን» ብትሉ እምቢ የሚል አባት ብዙ አላየሁም። ብዙ ጊዜ የሚከፋቸው ስለማይጠየቁ ነው።

ሌላም አለ። በ1965 ከወጣው የቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ፣ ከቃለ ዓዋዲ ጀምሮ ሰበካ ጉባኤው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚቀመጡበት ነው። የእናንተ ተወካይ ማነው? ስብሰባ ይገባል? ገብቶ የሰማውን ለአባላቱ ይነግራል? ደብዳቤህ ውስጥ ስለ እሱ አንድ ቃል የለም። ወንበሩ ባዶ ከሆነ አባቶች አይሰሙንም ማለት ይከብዳል። ይህንንም ሥራ አንተ አትያዘው፤ ለሌላ ሰው ስጠው።

ቲክቶኩን አትከልክላቸው። ሁለት የሚችሉ ልጆች ካሉ ይሥሩት፤ ከመለቀቁ በፊት አንድ አባት ይየው፣ በቃ። የሌላውን ደብር ተከታይ መቁጠሩን ግን ተወው። ተከታይ ስትታመም አይጠይቅህም።

«ልልቀቅ ወይ?» ላልከው፤ አሁን አትልቀቅ። አሁን ብትለቅ ቁልፉ ከአንተ ኪስ ወደ ሌላ ብቸኛ ሰው ኪስ ነው የሚገባው። እሱም በዓመቱ ያለቅሳል። አንድ ዓመት ስጠው። በዚያ ዓመት ሁለት ተተኪ አውጣ። ከዚያ በደስታ ልቀቅ፤ እንደ ከዳተኛም ራስህን አትይ። እስከዚያው በወር አንድ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰህ ወደ ቤትህ ሂድ፤ ምንም አታገልግል። ለንስሐ አባትህም ድካምህን ንገራቸው። አገልጋይ ሰው ድካሙን ለአዘጋጅ ጽፎ ለንስሐ አባቱ ሳይናገር ሲቀር ያሳስበኛል።

በመጨረሻ ሲሚንቶው። ልቤ የሞቀው እዚህ ላይ ነው። እኚህ አባት ቅሬያቸው (ዕድራቸው) ከእናንተ ጋር አንድ ነው አይደል? የእናንተ ሰው ሲሞት ድንኳኑን አብረው ይተክላሉ። ልጃቸውን ሲድሩ እናንተ ትጠራላችሁ፤ የክርስቲያኑ በግ ለብቻ ይታረዳል። በእኛ ሰፈር የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲሠራ ድንጋይ ያቀበሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነበሩ። መስጊዱ ሲታደስ አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ አሸዋ ሲያመላልስ አይቻለሁ። ማንም አላስገደደውም። ወሎ እንዲህ ነው የኖረው። በቅርብ ዓመታት ያየነው ክፉ ነገር ይህን እንዲያስረሳን አልፈልግም።

«አንቀበልም» ያሉትን ግን በእጅ ብልጫ አሸንፈህ አትለፋቸው። ጠይቃቸው። አንዳንዱ ከልቡ ለእምነቱ ይሳሳል፤ አንዳንዱ ያየው ነገር አስፈርቶታል። ከእነሱ ሁለቱን ይዘህ እኚህን አባት ለማመስገን ቤታቸው ሂድ። ቡናቸውን ጠጡ። ቀድማችሁ ለአስተዳዳሪውና ለሰበካ ጉባኤው አቅርቡ፤ ስጦታው የደብሩ ነውና ውሳኔውም የእነሱ ነው። ርክክቡ በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን፤ የአዳራሹም ገንዘብ በጣምራ ፊርማ ባንክ ይግባ፤ በየወሩ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበብ።

ሰኔ ገብቷልና ብዙ አትዘግዩ፤ እርጥበት የነካው ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ኩንታሎቹን ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ ጣውላ ላይ ደርድሯቸው፣ ከግድግዳው አርቋቸው፣ ሸራ አልብሷቸው። ማታ ማታ ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ለእሱ ቁልፉን የሰጠኸው ልጅ አለ።